ባለመጠየቅ የሚቀረው

«ባለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላል ያገራችን ሰው። ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ ተረቱ ጠይቁ የሚለን ሹመት እንጂ ዕውቀት አይደለም። መምህሩን «ለምን?» እያለ የሚያስቸግር ልጅማ የሚያተርፈው «ደፋር!» መባልን ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ችግር ፈቺ ዜጋ እናፈራለን ብሎ ተነሣ። በ1997 ዓ.ም. ግድም ደግሞ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ፕላዝማ ተሰቀለ። ደቡብ አፍሪካ የተቀረጸ ትምህርት በእንግሊዝኛ ይንቆረቆራል፤ ለመምህሩ ከፊትና ከኋላ ጥቂት ደቂቃ ይጣልለታል። እስቲ ፍረዱ፤ ቴሌቪዥን እጅ ቢያወጡለት ያያል? ቀጥሎ «አንድ ለአምስት» መጣ። ዴስክ ፊት ለፊት ስላዞርን ጠያቂ ትውልድ ያፈራን መሰለን። አንዱ ጎበዝ ይሠራል፣ ሌሎቹ ይገለብጣሉ።

በጥያቄ ማስተማር ውድ ዕቃ አይፈልግም። አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ጫፍ ላይ ቁሙ። ከታች ሁለት ሐይቆች ተኝተዋል፤ የሚለያቸው «የእግዜር ድልድይ» ነው። አባያ ቀላ ያለ ቡናማ ነው፤ ጫሞ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ለምን?

አንዱ መምህር «የአባያ ቀለም ከደለል የመጣ ነው» ብሎ ያጽፋል። ተማሪው ይሸመድዳል፣ ይፈተናል፣ ይረሳል። ሌላው መልሱን በሆዱ ይዞ «እናንተስ ምን ትላላችሁ?» ይላል። ልጆቹ ይገምታሉ፤ ይከራከራሉ። የሁለቱን ሐይቆች ውሃ በጠርሙስ አሳድረው ያነጻጽራሉ (አዞ አለና ቀጂው ዓሣ አጥማጅ ይሁን!)። ከጋሞ ደጋ ወደ አባያ የሚወርደውን የሐሬን ወንዝ በካርታ ሽቅብ ይከተላሉ። መጨረሻው የተራቆተ ተዳፋት፣ ምናልባትም የአባታቸው ማሳ ነው። ያኔ ጥያቄው የቤታቸው ጥያቄ ይሆናል።

«ተማሪው ራሱ ያግኘው» ብሎ ወንበር ማሞቅ ግን ሌላ ስንፍና ነው። መልሱን የማያውቅ፣ ያልተዘጋጀ መምህር ጥያቄ መምራት አይችልም።

ነገሩ ለጋሞ ልጅ ባዕድ አይደለም። ሽማግሌዎቹ ዱቡሻ ተቀምጠው አንዱን ጉዳይ እያገላበጡ ይመረምራሉ፤ ሐቁ ሳይወጣ አይነሡም። ልጁ ከዚያ አገር ወጥቶ ክፍል ሲገባ ነው «ዝም በልና ጻፍ!» የሚባለው።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲታረም ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ስንገለብጥ መኖራችን ግን አንዱ ነው። ፈተናው «ሀ»ን ወይም «ለ»ን አጥቁር እስካለ ድረስ፣ ለምን ብሎ የሚያስተምር መምህር ጊዜ አባካኝ ተብሎ ይቀራል። ፈተና አውጪዎቻችን እባካችሁ፣ አንድ «ለምን?» ጨምሩልን። ልጅ የሚማረው የሚፈተነውን ነው።