ፊደል ያነሰበት ስላይድ አይመሰገንም

ላቴክ የሚባለው የጽሑፍ ማሰናጃ ፕሮግራም ስለነካው ብቻ "ጥሩ ስላይድ ነው" ብሎ የሚያጨበጭብ ሰው በዝቷል። በመመረቂያ ጽሑፍ መከላከያ ላይ የሚቀመጡ ፈታኞች ሳይቀሩ ቀመሩ አምሮ ሲወጣ፣ ከላይ ሰማያዊው መደብ ሲዘረጋ፣ ከታች ጥግ ላይ 12/47 የሚል የገጽ ቁጥር ሲያዩ "በጣም ንጹሕ ሥራ ነው" ይላሉ። ከኋላ ረድፍ የተቀመጠው ተማሪ ግን ዐይኑን አጥብቦ ግማሹን መስመር በግምት ያነባል። የማይነበብ ነገር ምኑ ነው ንጹሕ? ይህ ውዳሴ ያናድደኛል፤ የተመሰገነ ጥፋት በማግስቱ ለታናናሾች አርአያ ይሆናልና። ጥሩውን ከመጥፎው ለመለየት ኮድ መጻፍ አያስፈልግም፤ ዐይንን የት ማሳረፍ እንደሚገባ ማወቅ ይበቃል።

ግልጽ የሆነውን ቶሎ ልለፈው። የማወራው ስለ ቢመር ነው፤ ቲል ታንታው እ.ኤ.አ. በ2003 ለራሱ የዶክትሬት መከላከያ የተጠቀመበት፣ ዛሬ በላቴክ ስላይድ የሚያዘጋጅ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል የሚገለገልበት መሣሪያ። አማርኛ የሚጻፈው ዚላቴክ ወይም ሉዋላቴክ በሚባሉት የላቴክ ዓይነቶች ነው። ቢመር ካልነገሩት በስተቀር የሚጠራው የሳንስ ፎንትን ስለሆነ የአማርኛው ፎንት እዚያ ላይ መታሰር አለበት፤ ያን የረሳ ሰው በፊደል ፈንታ ባዶ ቦታ ወይም ሳጥን ያያል። አቢሲኒካ ኤስአይኤል ውብ ፎንት ነው፤ ውፍረቱ ግን አንድ ብቻ ስለሆነ በሶፍትዌር ላወፍረው ያለ ሰው ፊደሉን ያጨማልቀዋል። ደመቅ ያለ ጽሑፍ የፈለገ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ይጠቀም፤ ከቀጭን እስከ ወፍራም ተሟልቶለታል። የግእዝ ፊደልን ማጋደም ነውር ነው። ከታች በቀኝ በኩል የሚደረደሩትን ትንንሽ ቀስቶች ማጥፋት የአንድ መስመር ትእዛዝ ነው። በርሊን፣ ዋርሶ እየተባሉ በከተማ ስም ከተሰየሙት ገጽታዎች የምዕራፍ ዝርዝር ከላይ የሚያንጠለጥሉት ቦታ ይበላሉ፤ ይቅሩ። ይህን ያላሟላ ሥራ ለግምገማም አይቀርብ።

ስለ ቀለምም ብዙ አልልም። የብራና ጸሐፊዎቻችን በሁለት ቀለም ዘመናት ተሻግረዋል፤ ጥቁሩ ለንባቡ፣ ቀዩ ለአርእስቱና ለቅዱሳን ስም። ቀዩ ዐይን የሚይዘው በቁጥብነት ስለሚገባ ነው። በአንድ ስላይድ ላይ አራት ቀለም የረጨ ሰው አንዱንም አላሳየም። ጥቁር በነጭ ላይ፣ ለአጽንኦት አንድ ቀለም፤ አበቃ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የስላይድ ሠሪን እጅ የሚያጋልጥ አንድ ነውር አለ፤ ቦታ ሲጠበው ፊደል ያሳንሳል። ሌላው ጥፋት ካለማወቅ ሊመጣ ይችላል፤ በአንድ ከሰዓት ይታረማል። ፊደል ማሳነስ ግን የአስተሳሰብ ጥፋት ነው። ያ ሰው ምን እንደሚተው መምረጥ አቅቶት ሸክሙን በተመልካቹ ዐይን ላይ ጭኖታል።

ቢመር ውስጥ "ሽሪንክ" የሚባል አማራጭ አለ። ማሽኑ መጀመሪያ ጽሑፉን በሙሉ መጠኑ ይደረድራል፤ ከዚያ ቁመቱን ይለካል፤ ከስላይዱ ከተረፈ የተደረደረውን እንዳለ እንደ ፎቶግራፍ አሳንሶ ያስገባዋል። ፊደሉም፣ በመስመሮች መካከል ያለው ክፍተትም፣ ቀመሩም አብረው ይጨመቃሉ። የመሣሪያው ባለቤት ራሱ በመመሪያው ውስጥ ይህን አማራጭ በጠንካራ ቃል አውግዞታል፤ የፊደሉ መጠን ከስላይድ ስላይድ እንዲለዋወጥ ያደርጋልና። ውግዘቱ እያለ ተማሪዎቻችን ይጠቀሙበታል፤ ምክንያቱንም አውቀዋለሁ። ጽሑፉ ከስላይዱ ሲተርፍ ላቴክ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል፤ በስንት ነጥብ እንደተረፈ ሳይቀር ይናገራል። ያ ማስጠንቀቂያ ከጥሩ አርታኢ የሚገኝ ምክር ነው፤ "አብዝተሃል፣ ቀንስ" ይላል። ሽሪንክ ያን ድምፅ ዝም ያሰኛል። ማስጠንቀቂያው ሲጠፋ ተማሪው ችግሩ የተፈታ ይመስለዋል።

የሽሪንክ ዘመዶችም አሉ። አንዱ "ታይኒ" ብሎ ጽሑፉን ወደ 6 ነጥብ ማውረድ ነው። ሁለተኛው ሰፊ ሠንጠረዥን "ሪሳይዝቦክስ" ውስጥ ከቶ እስከ ስላይዱ ስፋት መጭመቅ ነው። ሦስተኛው ጽሑፉን ማሽኑ ራሱ ወደ ቀጣዩ ስላይድ እንዲቆርጠው መፍቀድ ነው፤ ይህ ፊደል ባያሳንስም ከዚያው ስንፍና የተወለደ ነው፤ ማሽኑ ሐሳብ የት እንደሚያልቅ አያውቅም፣ የሚያውቀው ቦታ የት እንዳለቀ ነው። ከዋቢ ጽሑፎች ዝርዝር በቀር ይህን የትም ማየት አልፈልግም።

ፊደል ማሳነስ እንዴት ይያዛል? አንደኛ፣ ርእሱን ከዋናው ጽሑፍ ጋር አስተያዩ። ሽሪንክ ርእሱን አይነካም፤ ስለዚህ ከግዙፍ ርእስ ሥር የደቀቀ ጽሑፍ ካያችሁ ተጨምቋል። ሁለተኛ፣ የቀኙን ኅዳግ ተመልከቱ። የተደረደረው ነገር እንዳለ ስለሚያንስ መስመሮቹ እስከ ቀኙ ጠርዝ አይደርሱም፤ ግራው በቦታው ሆኖ ቀኙ ባዶ ይቀራል። ይህን ምልክት አንዴ ያየ ሰው ከበር ላይ ቆሞም ይለየዋል። ሦስተኛ፣ ቀመር ካለ የግርጌ ምልክቶቹን ከፊደሉ ጋር አወዳድሩ። በታይኒ መጠን ላቴክ ዋናውን የቀመር ፊደል በ6 ነጥብ፣ የግርጌውን በ5 ነጥብ ያትማል፤ ሁለቱን መለየት ያዳግታል። አራተኛ፣ በሠንጠረዥ ላይ የመስመሮቹን ውፍረት እዩ። ሪሳይዝቦክስ መስመሩንም ያቀጥነዋል፤ በአንዱ ስላይድ ያለው መስመር ከሌላው ከቀጠነ ሠንጠረዡ በግድ ገብቷል። አምስተኛና የመጨረሻው፣ ሁለት ተከታታይ ስላይዶችን እያፈራረቁ ማየት ነው። የመጀመሪያው መስመር ፊደል ካደገ ወይም ካነሰ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

ቁጥሩን ላምጣው። የቢመር ስላይድ በመደበኛው መጠኑ ስፋቱ 128፣ ቁመቱ 96 ሚሊሜትር ነው፤ ለሰፊ ስክሪን ሲዘጋጅ 160 በ90 ይሆናል። መደበኛው ፊደል 11 ነጥብ ነው። መደበኛው ስላይድ 1.5 ሜትር ቁመት ባለው መጋረጃ ላይ ሲያርፍ የ11 ነጥቡ ፊደል ማደሪያ ወደ 6 ሳንቲሜትር፣ የ6 ነጥቡ ደግሞ ከ3 ሳንቲሜትር ብዙም የማያልፍ ቁመት ይኖረዋል። በብዙ አዳራሾች የተሰቀለው ፕሮጀክተር 1024 በ768 ፒክስል የሚያወጣ ነው። በእሱ ላይ 11 ነጥብ 31 ፒክስል ያህል ቁመት ያገኛል፤ 6 ነጥብ ግን 17 ብቻ፤ ከዚያ ላይ የላይና የታች ክፍተት ሲቀነስ ለፊደሉ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

ለእኛ ፊደል ይህ ከላቲኑ ይልቅ የከፋ ነው። 33 ዋና ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ቅርጽ ይሆናል፤ አንዱን ከሌላው የሚለየው ብዙ ጊዜ ጎኑ ላይ የተቀጠለች አጭር መስመር ናት። መስመሯ ወገቡ ላይ ከሆነች ካዕብ፣ እግሩ ላይ ከሆነች ሣልስ። በኢኮኖሚክስ ጽሑፍ ላይ "ገቢ" እና "ገቡ" የሚለያዩት በዚህች መስመር ቦታ ብቻ ነው፤ በ17 ፒክስል ውስጥ ያ ልዩነት የጥቂት ፒክስሎች ጉዳይ ይሆንና ፕሮጀክተሩ ትንሽ ሲደበዝዝ ይጠፋል። የላቲን ጽሑፍ አሳንሶ ያለፈለት ሰው በአማርኛ አያልፍለትም። ስለዚህ ለአማርኛ ስላይድ የእኔ ሕግ ይህ ነው፦ ከ11 ነጥብ በታች ምንም ነገር አይጻፍ፤ ዋናው ጽሑፍ 12 ወይም 14 ይሁን። ቢመር እነዚህን መጠኖች በሰነዱ የመጀመሪያ መስመር ላይ በአንድ ቃል ይቀበላል።

የዚህን ሕግ መሠረት መጀመሪያ የሰማሁት ኮምፒውተር ነክተው ከማያውቁ ሰው ነው። በልጅነቴ ሰፈራችን ውስጥ ከማተሚያ ቤት ጡረታ የወጡ ፊደል ለቃሚ ነበሩ። በእርሳስ ፊደል ዘመን መጠን የሚዳሰስ ነገር ነበር፤ የ12 ነጥብ ፊደል በሳጥኑ፣ የ10 ነጥብ በሌላ ሳጥን። የተለቀመ መስመር ከገጹ ቢተርፍ ፊደሉን ማንም ሊጨምቀው አይችልም፤ ብረት ነው። ጋሼ እንዲህ ሲሆን ጽሑፉን ይዘው ወደ አዘጋጁ ይሄዱ እንደነበር ይነግሩኝ ነበር። "ቃል ይቀነሳል እንጂ ፊደል አይቀነስም" ይሉ ነበር። አዘጋጁ ተቆጥቶም ቢሆን ሁለት መስመር ይሰርዛል፤ ጽሑፉም ይሻላል። ሁልጊዜ ይሻል እንደነበር ጋሼ በኩራት ያነሡታል፤ እኔም ያስተካከልኳቸው ስላይዶች ሁሉ ይህንኑ መስክረውልኛል።

ሁለተኛው ባለሙያ አራት ኪሎ ሒሳብ ያስተማሩኝ መምህር ናቸው። ያኔ በትራንስፓረንሲ ላይ በእጅ እየጻፉ በኦቨርሄድ ያሳዩ ነበር። ከላስቲኩ ሥር መስመር የተሰመረበት ወረቀት አድርገው ስለሚጽፉ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው የፊደላቸው ቁመት አንድ ነበር። ክፍል ከመጀመሩ በፊት አንዱን ገጽ አብርተው ባዶውን አዳራሽ አቋርጠው የኋላው ወንበር ላይ ይቀመጡና ያነቡ ነበር፤ ካልተነበበ ያን ገጽ ይጥሉታል። ኋላ ወደ ላቴክ ሲመጡ ጊዜው የዩኒኮድ ፎንት በቀጥታ የሚጠራበት አልነበረም። ሐምቡርግ ላይ ብርሃኑ በየነና ማንፍሬድ ኩድሌክ ከባልደረቦቻቸው ጋር ያዘጋጁት "ኢትዮፕ" የሚባል ጥቅል ነበረ፤ አማርኛውን በላቲን ፊደል ተጽፎ ተቀብሎ በግእዝ ፊደል ያትማል። መምህሬ እያንዳንዱን ቃል እንዲህ ለፍተው ስለሚያስገቡ የማይረባ ቃል በስላይዳቸው ላይ አይገኝም ነበር። ዛሬ መጻፍ ቀሏል፤ ቁጥብነቱ ግን መቅለል አልነበረበትም።

"መረጃው ሁሉ ያስፈልጋል" የሚል ተማሪ ሁልጊዜ አለ። ሁለት ኩንታል እህል በአንድ ጆንያ አይገባም። ያስፈልጋል ያለው ነገር በሦስት ይከፈላል፦ የሚታይ፣ የሚነገርና የሚታደል። የሚታየው ስላይዱ ላይ ይውጣ። የሚነገረው በአፍ ይነገር። የሚታደለው ደግሞ በወረቀት ይሰጥ፤ ቢመር ለዚህ የራሱ መንገድ አለው፤ ከአንዱ የምንጭ ፋይል በአንድ በኩል ስላይዱን፣ በሌላ በኩል መደበኛ ጽሑፍ የሚመስል ሰነድ ያወጣል። አሥራ ሁለት ዓምድ ያለው የሪግሬሽን ሠንጠረዥ በዚያ ሰነድ ውስጥ ይቀመጥ። ስላይዱ ላይ የሚወጣው ክርክሩ የቆመባቸው ሁለት ወይም ሦስት ዓምድ ብቻ ነው። ሦስቱን መምረጥ ያቃተው ተማሪ ውጤቱን አልተረዳውም፤ ያን ማወቅ ደግሞ የፈታኙ ሥራ ነው።

የቃሉንም ብዛት ልወስነው። የቢመር መመሪያ ለአንድ ስላይድ ከ20 እስከ 40 ቃል፣ ቢበዛ 80 ገደማ ይላል። ይህ የተነገረው በእንግሊዝኛ ነው። የአማርኛ ግሥ ባለቤቱን፣ ተሳቢውንና አሉታውን በአንድ ቃል ተሸክሞ ይሄዳል፤ "አልተከፈላቸውም" አንድ ቃል ነው። ስለዚህ ለእኛ 25 ቃል በቂ ነው፤ 40 የደረሰ ስላይድ ለሁለት ይከፈል። ለሁለት ሲከፈል ለእያንዳንዱ የራሱ ርእስ ይሰጠው፤ "የቀጠለ" ብሎ መጻፍ ርእስ መስጠት አይደለም።

ስላይድ እንድትገመግሙ የተጋበዛችሁ ሁሉ እንግዲህ ሌላውን ከማየታችሁ በፊት ይህን አድርጉ። ፋይሉን ገለጻው ከመጀመሩ በፊት ጠይቁ፤ በፍጥነት እያገላበጣችሁ የፊደሉን መጠን ብቻ ተከታተሉ። መጠኑ ከዘለለ ሠሪው የዘለለበትን ስላይድ ቃል ቀንሶ እንዲያመጣ መልሱለት፤ ፊደል አስተካክሎ ሳይሆን ቃል ቀንሶ። መሥሪያ ቤቶችም ሥራ ሲሰጡ በውሉ ላይ የፊደሉን ዝቅተኛ መጠን በቁጥር ይጻፉ፤ ክፍያውም ከዚያ ጋር ይታሰር። ቀመሩ ስላማረ፣ መደቡ ሰማያዊ ስለሆነ፣ ላቴክ ስለሆነ ምስጋና አይሰጥ። ከኋላው ወንበር ያልተነበበ ስላይድ ገና አልተሠራም።