«አሮጌ ክለሳዎችን አጽዳ»፦ በአንድ የድረ ገጽ አነጋገር ላይ የቀረበ ሂስ

ከድረ ገጽ ሥራ ጋር ወደ አማርኛ ለገቡት ስሞች አቻ ለማግኘት ብዙ ተደክሟል፤ ለግሶቹ ግን ያን ያህል የተጨነቀ የለም። ስም ቢዛባ አንባቢ ግራ ይጋባል፤ በማዘዣ ቁልፍ ላይ የተጻፈ ግስ ቢዛባ ግን የሰው ድካም ይጠፋል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ለድረ ገጽ አዘጋጆች በሚሰጡ የአማርኛ ምክሮች ውስጥ የሚያጋጥመውን «አሮጌ ክለሳዎችን አጽዳ» የሚለውን አነጋገር ነው። ሦስቱም ቃላት አማርኛ ናቸው፤ ሦስቱም በየበኩላቸው ነገሩን ከሆነው ሌላ ያስመስሉታል።

አስቀድመን ነገሩን በአጭሩ እንግለጥ። ወርድፕሬስ በተባለው የድረ ገጽ ማዘጋጃ ሥርዓት ውስጥ አንድ ጽሑፍ ተሻሽሎ በተቀመጠ ቁጥር ሙሉ ቃሉ ተገልብጦ በመረጃ ቋቱ ውስጥ ለብቻው ይመዘገባል። ይህ አሠራር የገባው እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው 2.6 በተባለው እትም ነው። (እዚህ ላይ «እትም» ያልነው አስበንበት ነው፤ ምክንያቱ ከዚህ በታች ይገኛል።) የሚመዘገበው ልዩነቱ ብቻ ስላልሆነ አርባ ጊዜ የተሻሻለ መጣጥፍ አርባ ሙሉ ጽሑፍ ሆኖ ይከማቻል፤ ባለቤቱ ወሰን ካላበጀለትም ቁጥሩ መጨረሻ የለውም። የእኛ ፊደል ደግሞ ሸክሙን ያከብደዋል። ዩቲኤፍ-8 በተባለው የፊደል አመዘጋገብ ከሀ እስከ ፐ ያለው እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ሲይዝ የእንግሊዝኛው ፊደል የሚይዘው 1 ባይት ብቻ ነው። አንዱ ፊደላችን ተነባቢውን ከአናባቢው ጋር አጣምሮ ስለሚይዝ ልዩነቱ በመጠኑ ይካካሳል እንጂ አይወገድም፤ «ሰላም» 9 ባይት ነው፣ በላቲን ፊደል ቢጻፍ 5 ይሆን ነበር። ስለዚህ ቋቱ ሞላ፣ መጠባበቂያውን ለመገልበጥ ጊዜ ፈጀ የሚለው ስሞታ እውነትነት አለው። «ካጸዱት ገጽዎ ይፈጥናል» የሚለው ተስፋ ግን የተጋነነ ነው፤ አንባቢ ገጹን ሲከፍት ቀዳሚዎቹ ጽሑፎች ከቋቱ አይጠሩምና።

«አሮጌ» በሚለው ቃል ላይ ብዙ አንቆይም። እንግሊዝኛው በአንድ ቅጽል ቀድሞ የነበረውንም ያረጀውንም ይጠራል፤ አማርኛ ግን ይለያቸዋል። አሮጌ ማለት ያገለገለ፣ የተጎሳቆለ ነው፤ አሮጌ የተባለ ዕቃ የቆራሌው ጆንያ ይጠብቀዋል። ጧት በ3 ሰዓት ተቀምጦ በ4 ሰዓት የተሻሻለ ጽሑፍ ቀዳሚ ይባላል እንጂ አሮጌ ሊባል አይችልም። ተርጓሚው ይህን ቅጽል ሲመርጥ፣ ሳያስበው፣ ለተጠቃሚው ፈርዶለታል።

«ክለሳ» ከሦስቱ የተሻለው ነው፤ እንከኑም ከሥሩ ሳይሆን ከቅርጹ ነው። እንግሊዝኛው የማሻሻሉን ሥራም፣ ከሥራው በኋላ የተገኘውን ጽሑፍም በአንድ ስም ይጠራል። በአማርኛ ግን ክለሳ የሥራ ስም ነው። ተማሪ ለፈተና ክለሳ ያደርጋል፤ ክለሳን ከሣጥን አውጥቶ የሚጥል ግን የለም። ስርዝ፣ ድልዝ በሚሉት አምሳያ «ክልስ» ብሎ የውጤት ስም ማውጣት ለሰዋስው ይቀና ነበር፤ ይሁንና ቃሉ ከሁለት ዘር ለተወለደ ሰው መጠሪያነት ስለ ተያዘ እንደገና ልናነሣው አንችልም።

በምትኩ ሊቀርቡ ከሚችሉት ሦስቱን እንመልከት። «እርማት» ስሕተትን ያስቀድማል፤ ጸሐፊ ግን ጽሑፉን የሚለውጠው ተሳስቶ ብቻ አይደለም። በ1948 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» በመምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ተጀምሮ፣ በአለቃ ኪዳነ ወልድ ሰፍቶ፣ በአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ አሳታሚነት ለአንባቢ የደረሰ ሥራ ነው። ተተኪው እጅ የጨመረውን ሁሉ የፊተኛውን እጅ ማረም ነው ብንል ሥራው እንዴት እንደ ተሠራ አልገባንም ማለት ነው። ለመዝገበ ቃላት ሠራተኛ የፊተኛው እጅ መታወቁ ራሱ ዕውቀት ነውና፣ ዛሬ የስያሜ ስብስቡን በድረ ገጽ የሚያዘጋጅ ሰው አንድ ፍች መቼና በማን እንደ ተለወጠ ሊያይ የሚችለው በእነዚሁ ቀዳሚ ጽሑፎች ነው።

«እትም» ከማተም የወጣ እንደ መሆኑ መጠን ለሕዝብ የወጣን ነገር ያመለክታል፤ ስለዚህም ከላይ ለሥርዓቱ ራሱ ያለ ሥጋት ተጠቀምንበት። በውክፔዲያም፣ በአብዛኛው፣ የተቀመጠ ለውጥ ወዲያው ለአንባቢ ስለሚታይ ቃሉ አይጎረብጥም። በወርድፕሬስ ግን ከተከማቹት መካከል ከአዘጋጁ በቀር ማንም ያላያቸው ረቂቆች አሉ፤ እነዚህን እትም ማለት ያልተወለደን ልጅ ክርስትና እንደ ማንሣት ነው። «ቅጂ» ይቀረናል። ከ«ቀዳ» የወጣ ስለሆነ ከምንጩ ያልተለየ ግልባጭ ይመስላል የሚል ተቃውሞ ሊነሣበት ይችላል። ነገር ግን የብራና መጻሕፍት አጥኚዎች የአንድን ድርሳን ቅጂዎች እያስተያዩ ልዩነታቸውን ይመዘግባሉ፤ ቃሉ ልዩነትን መሸከም የለመደ ነው። በበኩላችን ሥራውን «ክለሳ»፣ ውጤቱን «ቀዳሚ ቅጂ» ማለትን እንመርጣለን፤ «መጠባበቂያ ቅጂ» ከሚባለው ጋር እንዳይምታታም ቅጽሉ መቅረት የለበትም።

ዋናው ቅሬታችን በግሱ ላይ ነው። የሚጸዳ ነገር እድፍ ነው፤ አጽዳ የተባለ ሰውም አያመነታም። የሚደረገው ነገር ግን ከጽዳት የራቀ ነው። በወርድፕሬስ አንድ መጣጥፍ ሲወገድ መጀመሪያ ወደ ቅርጫት ይገባል፤ ባለቤቱ ሌላ ካልወሰነ 30 ቀን ይቆያል፤ ሐሳቡን የለወጠ ሊያወጣው ይችላል። ቀዳሚ ቅጂ ግን ቅርጫት አያውቅም። መስመሩ ከሠንጠረዡ ይወጣል፤ መጠባበቂያ ካልተያዘ የሚመልሰው የለም።

ታዲያ «ሰርዝ» ቢባልስ? በጽሕፈት ቤቶቻችን «ስርዝ ድልዝ የሌለበት» የሚባለውን አነጋገር የማያውቅ የለም፤ ሁለቱ ቃላት አንድ ላይ ስለሚነገሩ ግን አንድ መስለው ቀርተዋል። ስርዝ በተጻፈው ላይ መስመር ማሳለፍ ነው፤ ከመስመሩ ሥር ያለው ይነበባል፤ ጥንቁቅ ጸሐፊም አጠገቡ ይፈርምበታል። ድልዝ ግን የተጻፈውን እንዳይነበብ አድርጎ ማበላሸት ነው። በብራና ላይ ደግሞ ሦስተኛው ነበረ፤ መፋቅ፤ ጽሑፉ በስለት ይነሣና በቦታው ሌላ ይጻፍበታል።

ይህ የቆየ ልዩነት ለዛሬው ሥራ እንግዳ አይደለም። የውክፔዲያ መሠረት በሆነው በሚዲያዊኪ አስተዳዳሪው አንድን ቀዳሚ ቅጂ ከሕዝብ ዐይን ሲሰውር በታሪክ ዝርዝሩ ላይ መስመር ተሰምሮበት ይታያል፤ ቅጂው እንደ ነበረ ሁሉም ያውቃል፤ ጽሑፉን ግን የሚያየው አስተዳዳሪው ነው። ይህ በትክክል ስርዝ ነው። ገጹ በሙሉ ሲነሣም ቅጂዎቹ ወደ ሌላ ሠንጠረዥ ተዛውረው ይጠበቃሉ፤ ለዚህ «ማስወገድ» ይስማማል። የወርድፕሬሱ ቀዳሚ ቅጂ ግን ይፋቃል። እንዲያውም በተለመደው የቋት አሠራር የተለቀቀው ቦታ ለሚቀጥለው መዝገብ ይውላል እንጂ ፋይሉ ወዲያው አያንስም፤ ተፍቆ የተጻፈበት ብራና ከዚህ የተለየ አይደለም። «ፋቅ» የሚል ቁልፍ ይሠራ አንልም፤ ለዛሬ ተጠቃሚ የሚያስታውሰው መፋቂያን ነው። «አጥፋ» ይበቃል። ቃሉ ግልጽ ነው፤ ያስፈራል የሚሉም አሉ፤ እንዲያስፈራ ነው የምንፈልገው። «ሰርዝ» ቀጠሮ መሰረዝንም ስለሚይዝ በዚህ ቦታ ሁለት ጊዜ ያሳስታል፤ በአንድ ሰሌዳ ላይ የማጥፊያውና ሐሳብን የመተዊያው ቁልፍ በአንድ ስም እንዲጠሩ ያደርጋል።

ማጥፋት አይገባም ማለታችን አይደለም። የሰው የስልክ ቁጥር ወይም ምስጢር ሳይታሰብ ከጽሑፍ ውስጥ ቢገባ፣ ከሚታየው ገጽ ብቻ ሳይሆን ከቀዳሚዎቹ ቅጂዎችም መጥፋት አለበት። በሌላ በኩል የውክፔዲያ ጽሑፍ የሚሠራጨው የጸሐፊዎቹ ድርሻ እንዲጠቀስ በሚያስገድድ ፈቃድ ነው፤ የጸሐፊዎቹም ስም የሚገኘው ከታሪክ ዝርዝሩ ነው። ሁለቱን ጉዳዮች «አጽዳ» በሚል አንድ ግስ ማዘዝ አይቻልም።

ከቁልፎቹ ውጭ የሚገኝ አንድ ቃልም አለ፤ «ወሰን»። የወርድፕሬስ ባለቤት ከእያንዳንዱ ጽሑፍ የሚጠበቁት ቅጂዎች ከ5 እንዳይበልጡ ሊወስን ይችላል። «የቅጂዎች ወሰን» የሚለውን ያነበበ ሰው ትእዛዙ ከእንግዲህ ለሚመጣው ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን አርባ ቅጂ ያለው ጽሑፍ በሚቀጥለው ጊዜ ተሻሽሎ ሲቀመጥ ከተወሰነው ቁጥር የተረፉት፣ ከመጀመሪያዎቹ ጀምሮ፣ ሳይጠየቅ ይጠፋሉ። መመሪያው «ከዚህ ቁጥር በላይ ያሉት ቀዳሚ ቅጂዎች ይጠፋሉ» ብሎ ሙሉውን ዓረፍተ ነገር መናገር አለበት፤ ሁሉ ነገር በአንድ ስም ይጠቃለል የሚለው ልማድ እዚህ ላይ አይሠራም።

በመጨረሻም «መልስ»። ተጠቃሚው አንድን ቀዳሚ ቅጂ መርጦ ይህን ቁልፍ ሲጫን ከዚያ በኋላ የተሠራው ሁሉ የሚጠፋ ይመስለዋል፤ «ወደ ነበረበት መመለስ» የሚለው አነጋገርም ይህን ሥጋት ያጠናክራል። ሥርዓቱ ግን ወደ ኋላ አይሄድም፤ የተመረጠው ጽሑፍ ተገልብጦ እንደ አዲስ ለውጥ ይቀመጣል፤ ወሰን ካልተበጀ በቀር በመካከል የነበሩት በቦታቸው ይቆያሉ። «ይህን ቅጂ እንደገና በሥራ ላይ አውል» ቢባል ነገሩ ይገለጣል፤ ለቁልፍ ከረዘመ «ቅጂውን ተጠቀም» ማለት ይቻላል።