ማሰሪያው እስኪመጣ

ከጣልያን ወረራ በፊት ጎጃምን ያስተዳደሩት የራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ የትዝታ መጽሐፍ «ካየሁት ከማስታውሰው» ይባላል። ርእሱ ሁለት ቃል ብቻ ነው። በሁለቱም ውስጥ ተናጋሪው አለ። በፊተኛው ያለፈ ጊዜ፣ በኋለኛው እስከ ዛሬ ያልተቋረጠ ማስታወስ አለ። «ከ» የምትለዋ ፊደል ደግሞ ከብዙው ጥቂቱን ብቻ ነው የምነግራችሁ ትላለች። እንግሊዝኛ ይህንኑ ለማለት ስድስት ያህል ቃል ይደረድራል፤ «እኔ»ንም ከግሱ ነጥሎ ለብቻው ያቆመዋል። እኔን ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ርእሱ ማሰሪያ አንቀጽ የሌለው መሆኑ ነው። ካየሁት ከማስታውሰው ምን? የሚያስረው መጽሐፉ ራሱ ነው።

«ማሰሪያ» የሚለውን ስም ያወረሱን የቅኔ ቤት ሰዎች ናቸው። ምሥራቅ ጎጃም የዚህ ትምህርት አገር ነው። ከቢቸና አቅራቢያ ያለው ዲማ ጊዮርጊስ ሐዲስ ዓለማየሁ የተማሩበት፣ በ1958 ዓ.ም. ለወጣው «ፍቅር እስከ መቃብር»ም ዋና መቼት ያደረጉት ደብር ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው ግሱን፣ እርባ ቅምሩን፣ አገባቡን በቃሉ ያወርዳል። ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋውን ግስ ማሰሪያ አንቀጽ፣ ሳይዘጋ የሚያልፈውን ደግሞ ቦዝ አንቀጽ ይሉታል። ስሙ ሥራ ፈት ያስመስለዋል እንጂ በአማርኛ ትረካ ውስጥ ከቦዝ የበለጠ የሚሠራ የለም።

አንድ የሞጣ ሰው በሰባራ ድልድይ በኩል ዓባይን ተሻግሮ ወደ እስቴ ሊሄድ ነበር እንበል። ድልድዩ ጥንታዊ የድንጋይ ሥራ ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን ቅስቱ ተቆርጦ ስለነበር፣ ብዙ ዓመት ሰው ከወዲያና ከወዲህ በገመድ እየተሳበ ነበር የሚሻገረው። እንግዲህ ሰውየው እንዲህ ይላል፦ «ከሞጣ ሌሊት ተነሥቼ፣ ስንቄን ይዤ፣ ሰባራ ድልድይ ስደርስ ዝናቡ ጥሎ፣ ገመድ የሚስብልኝ አጥቼ፣ ሳልሻገር አደርሁ።»

ስምንት ግስ አለ፤ የታሰረው አንዱ ብቻ ነው። «እኔ» የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም፤ ተናጋሪው ግን ከዝናቡ በቀር በሁሉም ውስጥ አለ። (የአዲስ አበባ ሰው «አደርኩ» ይል ነበር። ጎጃሜው «አደርሁ» ማለቱ ለጆሮዬ ይጣፍጠኛል፤ ይህ ግን የኔ አድልዎ ነው።)

አሁን «ይዤ»ን ቀረብ ብለን እንያት። ግሱ «ያዘ» ነው። «ይዞ» ስንል «ዘ» እንዳለች ናት፣ «ይዘህ» ስንልም እንዳለች ናት። እኔ ስሆን ብቻ ወደ «ዠ» ትለሰልሳለች። «ደርሶ» የነበረው «ደርሼ»፣ «ሄዶ» የነበረው «ሄጄ»፣ «ሆኖ» የነበረው «ሆኜ»፣ «ተነሥቶ» የነበረው «ተነሥቼ» ይሆናል። በግእዝ የዚህ ቦዝ መጨረሻ «የ» ናት፤ «ሐዊርየ» ይላል፣ ሄጄ ለማለት። ያች «የ» በአማርኛ ቀልጣ ከፊቷ ያለውን ፊደል አለሰለሰችውና «ኤ» ሆና ቀረች። «ቤቴ» በምንልበት «ኤ» «ሄጄ» እንላለን፤ ቤቱም መሄዱም የኔ ናቸው። «ቆሜ»ና «ሰብሬ» ላይ ፊደሉ ስለማይለሰልስ የምንሰማው መጥበቁን ነው፤ ፊደላችን ግን መጥበቅን አይጽፍም፣ ለአንባቢው ጆሮ ይተወዋል።

«ስደርስ» ደግሞ በሌላ ዘዴ ይሠራል። «ስትደርስ» ውስጥ «ት»፣ «ስንደርስ» ውስጥ «ን» አለች፤ «ሲደርስ»ም «ስ»ን ወደ «ሲ» ለውጧታል። «ስደርስ» ውስጥ በመካከል ምንም የለም። ተናጋሪው የታወቀው ምልክት ባለመኖሩ ነው። በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያው ሰው አንድ ጊዜ በማኅተሙ፣ አንድ ጊዜ ማኅተም በማጣቱ ይታወቃል ማለት ነው።

እንግሊዝኛም የቦዝ ዓይነት አለው፤ ግን ባለቤት የለውም። «ተሻግሬ»፣ «ተሻግሮ»፣ «ተሻግረን» በዚያ ቋንቋ ሁሉም አንድ ቃል ናቸው፤ ማን እንደተሻገረ የሚታወቀው ከዋናው ዓረፍተ ነገር ነው። ስለዚህ ጸሐፊው ካልተጠነቀቀ ድልድዩን ተሻግሮ «ከተማዪቱ ታየችኝ» ሲል ከተማዪቱን ራሷን ድልድይ ያሻግራታል። የእንግሊዝኛ መምህራን ይህን ስሕተት በቀይ እስክሪብቶ ሲያሳድዱት ይኖራሉ። በአማርኛ «ተሻግሬ ከተማዪቱ ታየችኝ» ብል ማንም ከተማዪቱ ተሻገረች ብሎ አይጠረጥርም። የሞጣው ሰው በራሱ ግሶች መካከል «ዝናቡ ጥሎ» የሚል ባዕድ ቦዝ ያለ ሥጋት መሰንቀሩም ለዚህ ነው፤ እያንዳንዱ ቦዝ ባለቤቱን ይዞ ይመጣል።

በጊዜ በኩል ግን እንግሊዝኛ ጠንካራ ነው። ያለፈ ነገር ሲተርክ ዋናውንም ጥገኛውንም ግስ ያለፈ ያደርጋቸዋል። የኛ «ስደርስ» በራሱ ጊዜ የለውም፤ ትናንትም ነገም ሊሆን ይችላል፣ የሚወስንለት ማሰሪያው ነው። ከዚህ የሚብሰው «ከደረስሁ በኋላ» ነው። መልኩ ያለፈ ጊዜ ሆኖ «ነገ ከደረስሁ በኋላ እደውላለሁ» ያሰኛል፤ ገና ያልሆነው እንደሆነ ተቆጥሮ። የቢቸና ወይም የሞጣ ተማሪ ይህን ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ቢያሻግር ስሕተት ይባልበታል። ስሕተትስ ነው፤ ግን ከስንፍና የመጣ አይደለም። በአፍ መፍቻው ሕግ መሠረት ትክክለኛ ሥራ ሠርቷል።

ከስምንቱ ግሶች አንዱን ምረጥ ብባል «ሳልሻገር»ን እመርጣለሁ። «ሳል» ባለች አጭር ድምፅ ውስጥ «ከመሻገሬ በፊት»ም፣ «ያለ መሻገር»ም አሉ። እንግሊዝኛ ከሁለቱ አንዱን እንድትመርጥ ያስገድድሃል። «ሳልሰናበተው ሞተ» የሚል ሰው ጊዜውን ነው የሚነግረን ወይስ ጉድለቱን? ሁለቱንም፤ የራሱንም ጉድለት ከሟቹ ሞት አስቀድሞ ነው የተናገረው። እንግሊዝኛ በተለመደው አነጋገሩ ሞቱን አስቀድሞ የኔን ነገር ከኋላ ያስከትላል። ለእንዲህ ያለ የልቅሶ ቤት ዓረፍተ ነገር አማርኛን የሚያህልልኝ የለም።

ማሰሪያው የፊቱን ሊሽርም ይችላል። «ሞጣ ሄጄ» የሚለው እስኪታሰር ድረስ ሄዷል፤ «አላገኘሁትም» ብሎ ሲያስር መሄዱ ይጸናል፣ «አላውቅም» ብሎ ሲያስር ግን እግሩ ከቤት አልወጣም። አድማጩ እስከ መጨረሻው ፀጥ ብሎ የሚጠብቀው ወዶ አይደለም።

ዛሬ በመጽሔትና በትርጉም መጻሕፍት የማነበው ብዙ የትዝታ ጽሑፍ ይህን ሰንሰለት ይበጣጥሰዋል። «እኔ ተነሣሁ። እኔ ስንቅ ያዝኩ። ዝናብ ነበር።» እያንዳንዱ ይታሰራል፣ እያንዳንዱ «እኔ» ይባልበታል፤ እንግሊዝኛው ከሥር ይታያል። አጭር ዓረፍተ ነገር ክፉ ነው አልልም። ክፉ የሚሆነው ቦዙ ሊሸከመው የሚችለውን ለነጥብ ሲሰጡት ነው። በአንጻሩ ጸሐፊው መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን የአለቃ ለማን ትረካ በቴፕ ቀድተው በ1959 ዓ.ም. ሲያሳትሙ ከአንደበት የወጣው እንደ አንደበት እንዲነበብ አድርገዋል።

አሁን ቴፑ በየኪሳችን አለ። ቢቸናም ሆነ ሞጣ አያት ወይም ጎረቤት ያላችሁ፣ ያለፉበትን እንዲነግሯችሁ ጠይቁና ቅዱ። ወደ ጽሑፍ ስትገለብጡት ግን እባካችሁ፣ ማሰሪያው እስኪመጣ አራት ነጥብ አታስገቡባቸው።