የተሸጠው ጄኔራል፦ «ኦቴሎ» ከሄርማታ ገበያ ሲነበብ

በሼክስፒር «ኦቴሎ» የመጀመሪያ ገቢር፣ ሦስተኛ ትዕይንት ላይ ባለታሪኩ በቬኒስ ሸንጎ ፊት ቆሞ ሕይወቱን ይተርካል። በዚያ ትረካ ውስጥ በአንድ ትንፋሽ የሚያልፈው ነገር አለ፤ በጠላት እጅ ወድቆ ለባርነት መሸጡና ኋላም በቤዛ መውጣቱ። ማን እንደሸጠው፣ በየትኛው ገበያ እንደቆመ አይናገርም። ሸንጎውም አይጠይቀውም። ሐያስያን ብዙ ቀለም ያፈሰሱት በቅናቱና በበታቹ በኢያጎ ተንኮል ላይ ነው፤ በእኛም ዘንድ ኦቴሎ በይበልጥ የሚታወሰው ሚስቱን ዴዝዴሞናን በቅናት የገደለ ባል ሆኖ ነው። ተውኔቱን ጅማ ላይ፣ ያውም ሄርማታ ላይ ሆኖ ለሚያነበው ሰው ግን ዋናው በር ያ ሽያጭ ነው እላለሁ።

ሄርማታ ዛሬ የጅማ ከተማ አካል ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን ከጅሬን ኮረብታ ግርጌ የተዘረጋ፣ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ስሙ የገነነ ገበያ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ቡናው፣ ዝባዱ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ አሞሌውና ከብቱ ይወጣበታል፤ ሰውም ይሸጥበታል። ሲራራ ነጋዴው ከየአገሩ የተፈነገሉትን ሰብስቦ ወደ ሰሜንና ወደ ቀይ ባሕር ወደቦች ይነዳቸዋል። የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር ንግድን በመጠበቃቸውና አገራቸውን በብልሃት በማስተዳደራቸው ይወደሳሉ፤ ውዳሴው ይገባቸዋል። በዚያው ዘመን የቤተ መንግሥቱና የመኳንንቱ እርሻ በባሪያ ጉልበት ይታረስ ነበር፤ ይህም የዚያው ታሪክ ክፍል ነው። ባርነት በአዋጅ ጨርሶ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የጸጋዬ ገብረ መድኅን የአማርኛ «ኦቴሎ» በ1950ዎቹ ሲመጣ፣ በሕፃንነታቸው የተሸጡ ኢትዮጵያውያን ገና በሕይወት ነበሩ።

ጸጋዬ በቺካጎ ሕግ አጥንቶ፣ በለንደን ሮያል ኮርት ቴአትር ልምድ ቀስሞ የተመለሰ፣ የዘረኝነትን ነገር በቅርብ የሚያውቅ ሰው ነበር። በእርሱ ዘመን የአማርኛ መድረክ የጥቁርን ሕዝብ በደል በአጽንዖት ይዞት ነበር። ከበደ ሚካኤል በ«አኒባል» ሮማን የተፈታተነውን አፍሪካዊ የጦር መሪ አነሡ፤ አቤ ጉበኛ የፓትሪስ ሉሙምባን አሟሟት ተውኔት አደረገው፤ ጸጋዬ ራሱ በ«ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ፋሺስት የረሸናቸውን ጳጳስ ከመድረክ አቆመ። እነዚህ ሥራዎች ባይጻፉ ኖሮ የቴአትር ታሪካችን ምን ያህል ይደኸይ እንደነበር ማሰብ አያዳግትም። በሁሉም ውስጥ ግን በዳዩ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ ሮም፣ ብራስልስ፣ እንደገና ሮም። ከአድዋ የወረስነው ኩራትና የጣሊያን የ1937 (እ.ኤ.አ.) የዘር ሕግ ያቆሰለን ቁስል ተባብረው ራሳችንን ሁልጊዜ በተበዳዩ ወንበር ላይ እንድናስቀምጥ አድርገውናል።

እዚህ ላይ የመድረኩን አሠራር ልብ ማለት ያሻል። ለንደን ላይ «ኦቴሎ» ሲታይ የቆዳ ቀለም ልዩነቱ ለዓይን ግልጽ ነው። አይራ ኦልድሪጅ በ1833፣ ፖል ሮብሰን በ1930 (እ.ኤ.አ.) በዚያች ከተማ ኦቴሎን ሲጫወቱ፣ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ገላቸው ለተመልካቹ ብዙ ይናገር ነበር። አዲስ አበባ ላይ ግን ኦቴሎም ኢያጎም ዴዝዴሞናም ሐበሾች ናቸው። ዓይን የሚለየው ነገር ስለሌለ የዘሩ ጉዳይ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፤ ፊት ለፊት የሚቀረው ቅናቱ ብቻ ነው። ብዙዎች ይህን የትርጉም ቴአትር ጉድለት አድርገው ሊያዩት ይችላሉ። እኔ ትልቅ ዕድል ነው ባይ ነኝ። ሄርማታ ላይ ሻጩም፣ ገዢውም፣ ተሻጩም በመልክ እምብዛም አይለያዩም ነበር። ልዩነቱን የሚፈጥረው ቆዳ አልነበረም፤ የተፈነገለ፣ ዘመድ የሌለው፣ አጥንቱ የማይቆጠርለት ነው የሚለው ፍርድ ነበር። አንድ ዓይነት መልክ ያላቸው ተዋንያን የሚጫወቱት «ኦቴሎ» ዘር የሚባለው ነገር እንዴት እንደሚሠራ ከለንደኑ ይልቅ አጥርቶ ሊያሳይ ይችላል።

ብራባንሺዮን እንውሰድ። የዴዝዴሞና አባት ኦቴሎን ቤቱ እየጠራ ያስተናግደዋል፣ ታሪኩን ያስተርከዋል፣ ይወደዋልም። ልጁን ማግባቱን ሲሰማ ግን አስማት አድርጎባት ነው ብሎ ይከስሰዋል። ይህን ሰው ለማወቅ ቬኒስ መሄድ አያሻም። ከጅማ እስከ አጋሮ፣ ከሊሙ እስከ ቦንጋ፣ በሌላውም የአገሪቱ ክፍል፣ ቡና አብሮ ጠጥቶ፣ በለቅሶ አብሮ ተቀምጦ፣ ጋብቻ ሲነሣ ግን አያት ቅድመ አያቱ ማን ቤት አደሩ ብሎ የሚጠይቅ አባት ነበር፤ አሁንም አለ። ብራባንሺዮን የሚጫወተው ተዋናይ ቁጣውን ትቶ እንዲህ ያለውን አባት ጨዋነት ቢላበስ፣ ተመልካቹ ፈገግ ብሎ የሚያልፈው አይመስለኝም።

የኢያጎ አፍም የገበያ አፍ ነው። በጨለማ ብራባንሺዮን ሲቀሰቅስ ኦቴሎን በአውራ በግና በፈረስ ይመስለዋል፤ ሰውን ከከብት ተራ ያቆመዋል። ይህ ቋንቋ ቀስ በቀስ ወደ ኦቴሎ ልብ ይገባል። በሦስተኛው ገቢር የሚስቱን ስም መጉደፍ በገዛ ፊቱ ጥቁረት ሲመስለው እንሰማለን፤ ተውኔቱ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሚያሳምመኝ ቦታ የለም። መጨረሻም ላይ ራሱን ሲወጋ፣ አንድ ጊዜ የቬኒስን ጠላት እንዴት እንደገደለ እየተረከ ነው፤ ወታደሩም ጠላቱም እርሱ ራሱ ይሆናል።

ኦቴሎ ለዴዝዴሞና የሰጣት መሐረብ ተደጋግሞ የተተነተነ ተምሳሌት ነው፤ የታማኝነት ምልክት፣ የአልጋ ምልክት ተብሏል። እኔን የሚይዘኝ ግን ኦቴሎ ስለ አመጣጡ ሁለት የተለያየ ነገር መናገሩ ነው። በሦስተኛው ገቢር አንዲት ግብጻዊት አስማተኛ ለእናቱ የሰጠቻት ነው ይላል፤ በአምስተኛው አባቱ ለእናቱ የሰጠው ይሆናል። አንዳንዶች ይህን የደራሲው ዝንጋታ፣ ሌሎች የኦቴሎ ማስፈራሪያ ይሉታል። በልጅነቱ ከዘመድ የተነጠቀ ሰው ትዝታ ግን እንዲሁ ነው። ከእኛም አገር እንዲህ የተነጠቁ ነበሩ፤ በ1888 (እ.ኤ.አ.) እንግሊዞች በቀይ ባሕር ላይ ከባሪያ ነጋዴዎች ጀልባ ያስጣሏቸው የኦሮሞ ልጆች ኋላ ደቡብ አፍሪካ፣ ላቭዴል ወደሚባል የሚስዮን ትምህርት ቤት ተወስደዋል። 64 ነበሩ፤ የያንዳንዳቸው ታሪክ ከአፋቸው ተመዝግቧል፤ የየት አገር ልጆች እንደነበሩ፣ ማን እንደወሰዳቸው፣ ከማን ወደ ማን እንደተላለፉ። ከእነርሱ አንዷ ቢሾ ጃርሳ ናት። የልጅ ልጇ ኔቪል አሌክሳንደር አፓርታይድን በመታገሉ በሮበን ደሴት አሥር ዓመት ታስሯል። በዚያው አገር በ1987 (እ.ኤ.አ.) ጃኔት ሱዝማን ጆን ካኒን ኦቴሎ አድርጋ ጆሃንስበርግ ላይ ስታቀርብ፣ ቴአትር ቤቱ ቀድሞ የፍራፍሬ ገበያ የነበረ ሕንጻ ነበር፤ ስሙም እስከ ዛሬ ማርኬት ቴአትር ነው። ጥቁር ባልና ነጭ ሚስት በመድረክ ሲሳሳሙ ማየት ያልቻሉ ተመልካቾች ነበሩ። አዘጋጇ የአገሯን ቁስል በአገሯ ሰው ፊት ገልጣዋለች። የእኛ መድረክ ይህ ድፍረት ገና ይቀረዋል።

ይህን ድፍረት ለማሳየት የሼክስፒርም ሽምግልና ግድ አይደለም። አስቴር ጋኖ የሊሙ እናርያ ሰው ናት። ለዐረብ አገር ተሸጣ ስትጓዝ በ1886 (እ.ኤ.አ.) አንድ የጣሊያን መርከብ አስጣላት፤ ምኩሉ በሚባል ስፍራ በነበረው የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ገባች፤ የሕዝቧን ተረትና ምሳሌ ከትዝታዋ እየቀዳች በ1894 (እ.ኤ.አ.) ከኦኔሲሞስ ነሲብ ጋር በኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ አወጣች። ነጻ ያወጣት መርከብ የኋላው ወራሪ ባንዲራ ያለበት ነው፤ ለባርነት የዳረጋት ደግሞ የገዛ አገሯ ሰው። ይህን ታሪክ የሚጽፍ ጸሐፌ ተውኔት የሻጩን ሚና በኢያጎ ክፋት ቢያንጸው ተመልካቹን ያስመልጠዋል። ሻጩ ጎረቤት፣ ጸሎተኛ፣ ለልጆቹ የሚራራ ሰው መሆን አለበት፤ በአስቴርም ዋጋ የሚደራደረው በእርሷው ቋንቋ ነው።