ጥቁሩ ወንበርና ግጥሙ፦ ከሄዝ ዊን በኋላ ስለ ተነሡ ኪነ ጥበበኞች

በሰሜን ዌልስ፣ በትራውስቨኒዝ መንደር አቅራቢያ፣ እስጉርን የሚባል በድንጋይ የተሠራ የገበሬ ቤት ይገኛል። በዚህ ቤት ውስጥ ከባሉጥ እንጨት የተቀረጸ አንድ ወንበር አለ፤ የተሸለመው ሰው ግን አንድ ቀን እንኳ አልተቀመጠበትም። እርሱም ኤሊስ ሃምፍሪ ኤቫንስ፣ በብዕር ስሙ ሄዝ ዊን የተባለው የዌልስ ባለቅኔ ነው። ሄዝ ዊን ጁላይ 31 ቀን 1917 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በቤልጅግ አገር በፒልከም ኮረብታ ውጊያ ላይ ወደቀ፤ ወንበሩ የተፈረደለት ሴፕቴምበር 6 ቀን ነው። ስለ ወንበሩ ብዙ ተብሏል። ወንበሩን ያስገኘውን ግጥም አንብቦ የሚናገር ግን ጥቂት ነው። ከዚህ ባለቅኔ ሕይወትና ሥራ ሐሳብ የቀዱትን ኪነ ጥበበኞች ስንመረምር የሚያጋጥመን ዋና ጥያቄም ይኸው ነው፤ ይኸውም የቀዱት ከሞቱ ነው ወይስ ከሙያው?

አይስቴዝቮድ የዌልስ ሕዝብ የግጥምና የዜማ ውድድር ጉባኤ ነው። ሥሩን ጌታ ሪስ በ1176 በካርዲጋን ካደረገው ጉባኤ ይቈጥሩታል። ዛሬ የሚታየው የአሸላለም ሥርዐት ግን አብዛኛው በ1792 ዮሎ ሞርጋኑግ የተባለ ሰው በለንደን ካቋቋመው የባለቅኔዎች ማኅበር የመጣ ነው። (ሥርዐቱ ጥንታዊ አለመሆኑን ዐውቆ የሚያቃልለው ተመራማሪ ቢኖር ይሳሳታል፤ አዲስ መሆኑ በሕዝቡ ልብ ያለውን ኀይል አይቀንሰውምና።) መለከት ይነፋል፤ የማኅበሩ አለቃ የአሸናፊውን የምስጢር ስም ይጠራል፤ የተጠራውም ከሕዝቡ መካከል ይነሣል። ከዚያ በኋላ ሰይፍ ከሰገባው በከፊል እየተመዘዘ «ሰላም ነውን?» ተብሎ ሦስት ጊዜ ይጠየቃል፤ ሕዝቡም «ሰላም» ብሎ ይመልሳል።

በ1917 ጉባኤው የተደረገው በእንግሊዝ አገር፣ በሊቨርፑል ትይዩ በምትገኘው በበርከንሄድ ከተማ ነበር። ጦርነቱን የሚመራው ጠቅላይ ሚኒስትር ሎይድ ጆርጅ፣ እርሱም ራሱ ዌልሳዊ፣ በጉባኤው ተገኝቷል። «ፍለር ደ ሊ» የሚለው የምስጢር ስም ሲጠራ የተነሣ አልነበረም። አለቃው የባለቅኔውን መሞት አስታወቀ፤ በወንበሩም ላይ ጥቁር ጨርቅ ተደረበበት። ወንበሩን የቀረጸው ኦዤን ቫንፍሌተረን ከቤልጅግ ጦርነቱን ሸሽቶ የመጣ ስደተኛ ነበር፤ ባለቅኔውም የተቀበረው በዚያው በቤልጅግ፣ በቡዚንገ መቃብር ነው። «ሄዝ ዊን» የሚለው ስም ደግሞ «የተባረከ ሰላም» ማለት ነው፤ የአካባቢው ባለቅኔዎች በ1910 ያወጡለት ነው። እንዲህ ያለው ነገር በልብ ወለድ ቢጻፍ ደራሲው አበዛው በተባለ ነበር። ስለዚህ ብዙዎች ወደ ወንበሩ መሳባቸው አያስደንቅም፤ ታሪኩ ከሠሪ እጅ እንደ ወጣ ሥራ ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸዋል፤ ለእነርሱም የሚሠሩትን እምብዛም አይተውላቸውም።

ግጥሙ «ጀግናው» ይባላል። አውድል በተባለው ረጅም ቅርጽ የተጻፈ ሲሆን፣ ሕጉ በየስንኙ ውስጥ ተነባቢዎች በታወቀ ተራ እንዲደጋገሙ ወይም የውስጥ ቤት እንዲመታ ያስገድዳል። በቅኔ ቤት ያደገ አንባቢ እንዲህ ያለው ሕግ ሐሳብን የሚያስር ብቻ ሳይሆን የሚወልድም መሆኑን ለመረዳት አይቸገርም። የግጥሙ ጭብጥ ስለ ሰው ልጅ ነጻነት መከራን የሚቀበለው ጀግና ነው፤ ከእርሱም ጋር «የማዕበላት ልጅ» የተባለች ሴት ትናገራለች። እንግሊዛዊው ሼሊ ስለ ፕሮሜቴዎስ የጻፈው ሥራ ጥላ በግልጽ ያርፍበታል። በእኔ አስተያየት ግጥሙ በአንዳንድ ቦታ ከምሳሌው ብዛት የተነሣ ይከብዳል፤ ስለ ጦርነት የጻፈው አጭር ግጥም፣ የጽዮን ምርኮኞች በገናቸውን በዛፍ ላይ የሰቀሉበትን የዳዊት መዝሙር የሚያስታውሰው፣ ከእርሱ ይበልጥ ይነካል። ነገር ግን «ጀግናው» የአዋቂ ሥራ ነው፤ ካልተማረ እረኛ አፍ በድንገት የፈለቀ አይደለም።

ይህን ማለት የሚያስፈልገው በ1918 ግጥሞቹ ተሰብስበው ሲታተሙ «የእረኛው ግጥሞች» የሚል ስም ስለ ተሰጣቸው ነው። በ1923 እናቱ በመንደሩ የገለጠችው የሜሪፊልድ የነሐስ ሐውልትም እረኛውን ያሳያል። ቀራፂው የወታደር ልብስ አለማልበሱ ትልቅ ማስተዋል ነው፤ ባለቅኔው ወታደር የነበረው ለጥቂት ወራት ብቻ ነበርና። ይሁን እንጂ መጽሐፉና ሐውልቱ ተባብረው የዋህ እረኛ የሚል ሥዕል በሕዝብ አእምሮ ውስጥ ተከሉ፤ ይህም እውነቱን በግማሹ ይሸፍናል። ሰውዬው በ1907 በባላ የመጀመሪያውን ወንበር ያሸነፈ፣ ከዚያም በኋላ ሌሎች ወንበሮችን የጨመረ፣ በ1916 በብሔራዊው ጉባኤ ሁለተኛ የወጣ ተወዳዳሪ ነበር። እረኝነቱ ይልቅ እምብዛም አልተሳካለትም ይባላል። በሐውልቱ መቆሚያ ላይ የተቀረጸው ግጥም የራሱ ነው፤ ግን ስለ ራሱ አልጻፈውም፤ ቀደም ብሎ በጦርነቱ ለሞተ ወዳጁ ማስታወሻ ያደረገው ነው። ከሐውልቱ ሁሉ ለባለቅኔው ሙያ የቀረበው ይህ ጽሑፍ ይመስለኛል።

ከሁሉ አስቀድሞና ከሁሉ አብልጦ መልስ የሰጠው ሮበርት ዊልያምስ ፓሪ ነው። ፓሪ በ1910 ብሔራዊውን ወንበር ያሸነፈ ሲሆን፣ የሄዝ ዊን ሞት ሲሰማ እርሱም በውትድርና ላይ ነበር። ለቅሶውን የጻፈው ኤንግሊን በሚባለው ቅርጽ ነው፤ ይህም አራት መስመርና ሠላሳ ቀለም ብቻ ያለው፣ ያንኑ የድምፅ ሕግ የሚጠብቅ አጭር ግጥም ነው። ሟቹን በሟቹ ሙያ አለቀሰለት ማለት ነው። የሚጀምረው ከወንበሩ አይደለም፤ በትራውስቨኒዝ ረግረግ ላይ ከምትወጣው ጨረቃና በሩቅ አገር ካለው መቃብር ይነሣል፤ ሟቹ የተለያቸውን መስክና ወንዝ ይቈጥራል። ወንበሩ ሲመጣ ሁለቱ መደገፊያዎቹ የማይመጣውን ሰው እንደሚጠብቁ ክንዶች ይሆናሉ፤ በዚያም ላይ «ሰላም» የሚለውን ቃል ሲጠቀም የባለቅኔው ስም በውስጡ ይሰማል። በጉባኤው ቀን ብዙ ሕዝብ ያየውን ወንበር ፓሪ እንደ አዲስ ያሳየናል፤ ምክንያቱም ወደ ወንበሩ የሚደርሰው ሰውየውንና አገሩን ካሳየን በኋላ ነው።

በ1992 የወጣው «ሄዝ ዊን» የተባለው የፖል ተርነር ፊልምም ከዚህ ጋር ሊታይ ይገባዋል። ጽሑፉን ያዘጋጀው አለን ሉዊድ ነው፤ እርሱም በ1973ና በ1976 ብሔራዊውን ወንበርና ዘውድ በአንድነት ያሸነፈ ባለቅኔ ሲሆን፣ ከፊልሙ በፊት የሄዝ ዊንን ሕይወት በሰፊ መጽሐፍ ጽፎ ነበር። ከሁለቱ ጥልቅ ሥራዎች በስተኋላ የምናገኛቸው ሁለት ሰዎች ራሳቸው በእንዲህ ያለው ወንበር የተቀመጡ መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል። ፊልሙ ከውጊያው ሜዳ እየተነሣ ወደ ባለቅኔው ሕይወት ይመለሳል፤ የወደዳቸውን ሴቶችና ወደ ጦርነቱ ለመሄድ የነበረውን ማመንታት ሳይደብቅ ያሳያል፤ እረኛውን ቅዱስ አያደርገውም። በዌልስ ቋንቋ ከተሠሩት ፊልሞች ለአሜሪካው የኦስካር ሽልማት በውጭ አገር ቋንቋ ፊልሞች ዘርፍ በመታጨት የመጀመሪያው ሆነ። ቋንቋውን የማያውቅ ተመልካች ትርጉሙን ከሥዕሉ በታች እያነበበ ይከተላል፤ የተነባቢዎቹ መደጋገም ግን በተጻፈው ትርጉም ውስጥ አይገኝም። የሚገኘው ተዋናዩ ግጥሙን ሲያነብ በጆሮ ብቻ ነው።