ከታች ይጀመራል

የዚህ ቤት በር ወገቡ ላይ ለሁለት ተከፍሏል። የላይኛው ሲከፈት የታችኛው ተዘግቶ ይቆያል። ውሻችን ቡቺ የፊት እግሮቹን የታችኛው ጫፍ ላይ ጭኖ ሜዳውን ያያል። ነፋሱ ይገባል፤ ቡቺ ግን አይወጣም። እንግሊዞች የጋጣ በር ይሉታል። ፈረስ አየርና ብርሃን እንዲያገኝ፣ ካለበት ግን እንዳይወጣ ተብሎ የተሠራ በር ነው።

ያለነው ኖርፎክ ውስጥ፣ ሆርሲ ከምትባል መንደር አጠገብ ነው። የሰሜን ባሕር ከአሸዋው ጉብታ ጀርባ ነው። ከለንደን ስንነሳ የፈለግነው ውሻ የሚቀበል የሳምንት ኪራይ ቤት ብቻ ነበር። በሩ ጋ ስደርስ ግን ሻንጣዬን አስቀምጬ ቆምኩ።

በሩ የኦክ ሳንቃ ነው፤ ወደ ውጭ ይከፈታል። ማጠፊያዎቹ አራት ናቸው፤ ለእያንዳንዱ ግማሽ ሁለት። ውስጥ በኩል ያለች አጭር መቀርቀሪያ ስታያይዛቸው ሁለቱ እንደ አንድ በር ይንቀሳቀሳሉ። ጥበቡ ያለው መገናኛቸው ላይ ነው። ሁለቱ ግማሾች ጫፍ ለጫፍ ብቻ አልተጋጠሙም። የላይኛው ከንፈር አለው፤ በውጭ በኩል ወርዶ የታችኛውን ጫፍ ይሸፍናል። ከንፈሩ ላይ ተዳፋት ያለው ቀጭን እንጨት ተመትቷል፤ በሆዱ በኩል እርሳስ የሚያስተኛ ቦይ ተፍቆለታል። ጣቴን አስገብቼ ከዳር እስከ ዳር ሄድኩበት፤ የትም አይቋረጥም። ውሃ የእንጨቱን ሆድ ይዞ ወደ ውስጥ ሊሳብ ይሞክራል። ቦዩ ጋ ሲደርስ መንገዱ ይቆረጥበታል፤ እዚያው ይንጠባጠባል።

ወለሉ ምንም ቅብ የሌለው የሸክላ ንጣፍ ነው፤ የአካባቢው ሰው ፓመንት ይለዋል። የአንዱን ጎን በስንዝሬ ለካሁት፤ አንድ ስንዝር፣ 23 ሳንቲሜትር ያህል ነው። መጋጠሚያው ሲሚንቶ ሳይሆን ኖራ ነው። ቡቺ ከባሕር ዳር እንደ ራሰ ሲገባ የእግሩ አሻራ ጠቁሮ ይታያል። ትንሽ ቆይቶ ጠርዙ ይደበዝዛል፤ ከዚያ ይጠፋል። ሸክላው ውሃውን ጠጥቶ መልሶ ለአየሩ ይሰጠዋል።

ግድግዳው ክብ ክብ የባልጩት ድንጋይ ነው። ባልጩት ውሃ አይጠጣም። ስለዚህ ኖራው በራሱ ጊዜ እስኪደርቅ መጠበቅ ግድ ነው፤ ግንበኛው በአንድ ቀን ብዙ ከፍ ካደረገው ክምሩ ይንሸራተታል። ክብ ድንጋይ ማዕዘን አያወጣም፤ ማዕዘኖቹ በጡብ ተይዘዋል። በድንጋዮቹ መካከል ኖራው ሰፋ ባለበት ቦታ ሁሉ የባልጩት ፍንካች ተሰክቷል፤ ለዝናብ የሚጋለጠው ኖራ እንዲያንስ።

አብዛኛውን ጊዜዬን የወሰደው ጣሪያው ነው። ክዳኑ የኖርፎክ ሸምበቆ ነው፤ የመንደሩ ቤተ ክርስቲያንም የሣር ክዳን አለው። ሸምበቆው የሚታጨደው በክረምታቸው፣ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ነው፤ ያኔ ውርጭ ቅጠሉን አራግፎ አገዳው ብቻ ይቀራል። የአንዱ እስር ዙሪያ 60 ሳንቲሜትር ያህል ነው። ከዳኙ ሥራውን ከታች ጠርዝ ይጀምራል። የአገዳው ወፍራም ጫፍ ወደ ታችና ወደ ውጭ ይሆናል። ቀጣዩ ረድፍ በፊተኛው ላይ ይደረባል፤ እንዲህ እያለ እስከ አናት ይወጣል። ሸምበቆው በመቀስ አይስተካከልም። ፊቱ የተቦረቦረ የእንጨት መምቻ አለ፤ ከዳኙ በእሱ የአገዳዎቹን ጫፍ ወደ ላይ እየመታ ፊቱን ያስተካክላል። ከታች ሆኜ ቀና ብዬ ሳይ የሚታየኝ የሺህ አገዳዎች ጫፍ ብቻ ነው፤ እንደ ማር እንጀራ ተጠጋግቶ።

ውፍረቱ 30 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ተዳፋቱ ወደ 50 ዲግሪ ይጠጋል። ዝናቡ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እየዘለለ ይወርዳል፤ የሚርሰው የላይኛው ጥቂት ሳንቲሜትር ብቻ ነው። በደንብ የተከደነ ሸምበቆ 50 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል።

አናቱ ላይ ግን ሸምበቆው ያስቸግራል። የእኛ ክብ ጎጆ ክዳን አንድ ነጥብ ላይ ተሰብስቦ በጉልላት ይዘጋል። እዚህ ግን ሁለቱ ተዳፋቶች የሚገናኙት ከጫፍ እስከ ጫፍ በተዘረጋ መስመር ነው። መስመሩን ለመሸፈን ተጣጥፎ በሁለቱም በኩል የሚወርድ ነገር ያስፈልጋል፤ ሸምበቆ ደግሞ ሲያጥፉት ይሰበራል። ስለዚህ አናቱ የሚሠራው እኛ በዓል ሲደርስ ወለል ላይ የምንጎዘጉዘው የቄጠማ ዘመድ በሆነ፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ በሚቆርጥ የረግረግ ተክል ነው። እሱ ይታጠፋል። ከ10 እስከ 15 ባለው ዓመት አንዴ ይታደሳል፤ ሥሩ ያለው ሸምበቆ ሳይነካ።

አናቱን የሚይዙት ችካሎች ከሄዝል ዛፍ የተሰነጠቁ ቀጫጭን እንጨቶች ናቸው። ከዳኙ እያንዳንዱን መሃል ላይ ይጠመዝዘዋል። ጭረቱ ይላላል እንጂ አይበጠስም፤ ያኔ እንደ ፀጉር መያዣ ታጥፎ ክዳኑ ውስጥ ይሰካል። ሲሰካ ወደ ውስጥ የገባው ጫፍ ትንሽ ወደ ላይ ያዘነብላል። ወደ ታች ቢያዘነብል ኖሮ ዝናቡን ወደ ቤቱ ይመራው ነበር። ይህን ማንም ከውጭ አያየውም።

ከኅዳር እስከ ጥር የሆርሲ ባሕር ዳር ግራጫዎቹ አቆስጣዎች የሚወልዱበት ነው። በዚህ ወቅት ውሻ ያለ ማሰሪያ አይለቀቅም። ቡቺን አጭር ገመድ ይዤ ከጉብታው ላይ ቆመን ነጫጭ ግልገሎቹን ከሩቅ አየን። ስንመለስ ዝናብ ጀምሮ ነበር። ክዳኑ አሸንዳ የለውም፤ ጠርዙ ራሱ ከግድግዳው ወደ ውጭ ወጣ ብሏል። ጠፈጠፉ መሬቱ ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ሠርቷል፤ ከመስመሩ ወዲህ ያለው ግድግዳ ደረቅ ነው።

በመጨረሻው ቀን ጠዋት በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ተቻኩዬ መጀመሪያ የላይኛውን ገጠምኩት፤ የታችኛውን ስገፋው ከንፈሩ አላስገባ አለው። ሁለቱንም ከፍቼ እንደገና ጀመርኩ። መጀመሪያ የታችኛውን መለስኩት፤ የላይኛው በላዩ ተደርቦ ገጠመ። እንደ ክዳኑ ማለት ነው።