«ጠረጴዛው ምን ይመስላል?» ፦ በጀርመንኛ ትምህርት ስለ ዕቃዎች መልክ አጠያየቅ

ጀርመንኛ የጀመረ ተማሪ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሚሰማቸው ጥያቄዎች አንዱ «ቬልኸ ፋርበ ሃት ዴር ቲሽ?» የሚለው ነው፤ ጠረጴዛው ምን ዐይነት ቀለም አለው ማለት ነው። ተማሪውም «ዴር ቲሽ ኢስት ብራውን»፣ ቡናማ ነው፣ ብሎ ይመልሳል። ጠረጴዛውን መምህሩም ያየዋል፣ ተማሪውም ያየዋል፤ እንግዲህ ጠያቂው ሳያውቅ የጠየቀው ነገር የለም። የዚህ ጽሑፍ ነቀፌታ በዚህ ላይ ነው።

አሠራሩ የራሱ ታሪክ አለው። ማክሲሚሊያን ቤርሊትስ እ.ኤ.አ. በ1878 በአሜሪካ በፕሮቪደንስ ከተማ ትምህርት ቤት ከፍቶ፣ ያለ ትርጉም፣ በክፍሉ ያለውን ዕቃ እያመለከቱ ማስተማርን አስፋፋ። በጀርመንም ቪልሄልም ፊዬቶር እ.ኤ.አ. በ1882 ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ የቋንቋ ትምህርት አቅጣጫውን እንዲለውጥ አጥብቆ ጠየቀ። ሕግ በቃል ማስጠናትን ብቻ ትምህርት ያደረገውን ልማድ ስለ ተቃወሙ ምስጋና ይገባቸዋል።

ነገር ግን ሰው ስለ አንድ ዕቃ መልክ ከልቡ የሚጠይቀው ዕቃው በፊቱ በሌለ ጊዜ ነው። በጀርመን ከተሞች የጠፋ ዕቃ የሚጠበቅበት መሥሪያ ቤት አለ፤ ፉንትቢውሮ ይባላል። ዋጋው ከ10 ዩሮ የሚበልጥ ዕቃ ያገኘ ሰው ባለቤቱን ካላወቀ ለባለ ሥልጣን እንዲያስታውቅ ሕጉ ስለሚያዝ፣ ጃንጥላውም ቦርሳውም እዚያ ይከማቻል። በዚያ ያለው ጸሐፊ «ቪ ዚት ዴር ሺርም አውስ?»፣ ጃንጥላው ምን ይመስላል፣ ሲል የእውነት ይጠይቃል። (የእኛ «ምን ይመስላል» መልክንም አምሳያንም ስለሚይዝ ተማሪያችን የመምሰልን ግስ ይፈልጋል፤ ጀርመንኛው ግን በሌላ ግስ፣ ያውም ለሁለት ተከፍሎ «ዚት» ከፊት «አውስ» ከኋላ በሚቆም ግስ ይጠይቃል።)

ችግሩ የሚገለጠው በመልሱ ነው። «ዴር ሺርም ኢስት ሽቫርጽ»፣ ጃንጥላው ጥቁር ነው፣ ቢል ስሕተት የለበትም፤ ሰውም ይረዳዋል። ጥቁር ጃንጥላ እፈልጋለሁ ለማለት ሲነሣ ግን «አይነን ሽቫርጸን ሺርም» ማለት አለበት፤ ቦርሳ ቢሆን «አይነ ሽቫርጸ ታሸ»፣ መጽሐፍ ቢሆን «አይን ሽቫርጸስ ቡኽ»። ቅጽሉ ከስሙ በፊት ሲቆም በጾታና በሙያ መጨረሻው ይለዋወጣል፤ ከ«ነው» ጋር ሲሆን ግን ከቶ አይለወጥም። የክፍሉ ጥያቄ የሚያስለምደው ይህን የማይለወጠውን ብቻ ነው፤ ተማሪውም ያላወቀውን እንዳወቀ ይቈጥራል። (ሮዛና ሊላ የተባሉት ቀለሞች በመደበኛው ቋንቋ መጨረሻቸው አይለወጥም፤ ሐምራዊ ጃንጥላ የጠፋበት ተማሪ ዕድለኛ ነው።)

ይልቁንም የሚያስቈጨው ለአማርኛ ተናጋሪ ቅርብ መንገድ መኖሩ ነው። «ጃንጥላው ጥቁር ነው» ስንል ቅጽሉ ባዶውን ይቆማል፤ «ጥቁሩን ጃንጥላ አየሁ» ስንል ግን ምልክቱን ሁሉ የሚሸከመው ቅጽሉ ነው። ሕጎቹ አንድ አይደሉም፤ ለውጡ የሚያርፍበት ስፍራ ግን አንድ ነው። «ቫስ ፊር አይን ሺርም?»፣ ምን ዐይነት ጃንጥላ፣ ለሚለው ጀርመናዊው «አይን ሽቫርጸር» ይላል፤ «ቬልኸር ሺርም?»፣ የትኛው ጃንጥላ፣ ለሚለው «ዴር ሽቫርጸ» ይላል። እኛም ለፊተኛው «ጥቁር»፣ ለኋለኛው «ጥቁሩ» ብለን እንመልስ የለምን? ይህን የሚያሳይ መምህር ብዙ ሠንጠረዥ አያሻውም።

ማመልከት ለመጀመሪያው ሳምንት ይበቃል። ከዚያ በኋላ መምህሩ ዕቃውን በከረጢት ይሸፍነው፤ አንድ ተማሪ ብቻ ይየውና ሌሎቹ እርሱን እየጠየቁ ይሣሉት። ከረጢቱ ሲከፈት ሳይጠየቅ የቀረው ነገር በሥዕሉ ላይ ጐድሎ ይገኛል።